የወጥ ቤት እጅ መሰንጠቅ፦ ግሊሰሪን፣ ቫዝሊን ወይስ ቅቤ?

ከዚህ በታች የምተርከው አንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና በተራ ቁጥር የተከተሉት መልሶች ነው። ክሩን የከፈተው ሰው እንጀራና ወጥ እያዘጋጀ ለመሥሪያ ቤቶች የሚያቀርብ ወጥ ቤት የሚመራ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። አምስት ሴቶች ሊጥ ያቦካሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ድስት ያጥባሉ። ከጥቅምት ወዲህ የአምስቱም እጅ ደርቋል፣ የሦስቱ ደግሞ ተሰንጥቋል። ከፋርማሲ ግሊሰሪን ተገዝቶ ምንም ሳይቀጥን በቀን ሦስት ጊዜ ተቀቡ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እጃቸው ጭራሽ ይለበልባቸው ጀመር። ስለዚህ ጠያቂው ግሊሰሪን ለእጅ አይሆንም ብሎ ደምድሟል፤ የቀረለት ጥያቄ ቫዝሊን ይሻላል ወይስ ቅቤ የሚለው ነው። ስንጥቁን ግን አሳምሮ ገልጾታል፦ ከጣት ጫፍ፣ ከጥፍሩ ጎን ይጀምራል፤ ጠርዙ ደንድኖ ነጣ ብሏል፤ ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቷል፤ የኮመጠጠ ሊጥ ሲነካው እንባ ያመጣል።

1ኛው መልስ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ ጥያቄውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ምን እንቀባ ከማለት በፊት እጁን ምን እያራቆተው እንደሆነ መታወቅ አለበት ባይ ነው። የቆዳን የላይኛው ሽፋን በጡብ ግንብ ይመስለዋል፤ የሞቱት ሴሎች ጡቡ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ምርጊቱ። ሳሙና የድስትን ቅባት የሚያነሳበት ጉልበት ያንኑ ምርጊት ያጥበዋል። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 5 አካባቢ ነው፤ ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል፣ ቆዳውም ወደነበረበት ለመመለስ ሰዓታት ይፈጅበታል። በቀን 20 እና 30 ጊዜ የሚታጠብ እጅ ያን ሰዓት አያገኝም፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ስቡ ይበልጥ ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ላርጎው በስፖንጁ ላይ እንጂ በመዳፍ ላይ አይፈስስ፤ ለእጅ መታጠቢያ የተለየ ለስላሳ ሳሙና ይቀመጥ፤ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ እጁ በፎጣ ሳይታሽ እየተጫኑ ይድረቅ፣ በጣቶች መካከልም ጭምር። ቀለበት በሥራ ሰዓት ይውለቅ። ብዙ ሰው ቀለበቱ ሥር ቀልቶ ሲያሳክከው ወርቁ አልተስማማኝም ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ገብቶ ሳይለቀለቅ የቀረው ሳሙና ነው።

2ኛው መልስ ግሊሰሪን ለምን እንዳልሠራ ያስረዳል። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ከአየር ይስባል፤ በአዲስ አበባ የበጋ አየር ግን የሚስበው ከአየር ስለማያገኝ ከቆዳው ከታችኛው ክፍል ይስባል፣ የሳበውም ተንኖ ይሄዳል። መጠኑን እንዲህ ይሰጣል፦ 1 ማንኪያ ግሊሰሪን ለ3 ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በንጹሕ ጠርሙስ። ሲቀጥን ተሕዋስያን ሊራቡበት ስለሚችሉ ጥቂት ጥቂት ይዘጋጅ፣ ከሳምንት በላይ አይቆይ። ተቀብቶ ሳይደርቅ ከላዩ ቫዝሊን ይደረብበታል።

3ኛው መልስ ይቆጣል። ግሊሰሪን ያደርቃል ማለት የሠፈር ወሬ ነው ይላል፤ ደህና የእጅ ክሬም ሁሉ ጀርባው ሲነበብ ከውሃ ቀጥሎ ግሊሰሪን እንደሚገኝ ጠቅሶ 2ኛውን መልስ ሰው እያሳሳተ ነው ብሎ ይከስሳል። 4ኛው መልስ ገብቶ ያስታርቃቸዋል፤ በእኔ ግምት ከክሩ ምርጡ ቦታ ይህ ነው። ክሬም ውስጥ ግሊሰሪኑ ብቻውን አይደለም። ውሃው አብሮት አለ፣ ውሃው እንዳይተን የሚከድነው ቅባትም አብሮት አለ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የተቀባው ግን ያልቀጠነ፣ ያልተከደነ፣ በተሰነጠቀ እጅ ላይ ያረፈ ነበር። ችግሩ ከፈሳሹ ሳይሆን ከአቀባቡ ነው። 3ኛው ሰው ተመልሶ በዚህ መስማማቱን ጽፏል፤ ለ2ኛው ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

5ኛው መልስ ለቅቤ ይሟገታል። እናቶቻችን እጃቸውንም እግራቸውንም ለጋ ቅቤ እየቀቡ አሳምረው ኖረዋል፤ ቫዝሊን የነዳጅ ዝቃጭ ነው፣ ገላ ላይ የሚደረግ አይደለም ይላል። ጽሑፉ ትንሽ ያንገሸግሻል፣ ነገር ግን ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ የሚገባውን መልስ አግኝቷል።

መልሱን የሰጠው 6ኛው ነው። ለጋ ቅቤ ከመቶ 80 ያህሉ ስብ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃና የወተት ትራፊ ነው። ስቡ ይከድናል፤ በዚህ ረገድ እናቶች አልተሳሳቱም። ትራፊው ግን ይሻግታል፣ በተከፈተ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል። ንጥር ቅቤ ደግሞ የባሰ ነው፤ ኮረሪማው፣ አብሹና ሌላው ቅመም የቆሰለ ቆዳን ያስቆጣል። ቫዝሊን ከነዳጅ መገኘቱ እውነት ነው፣ በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተመዘገበለትም በ1872 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለገላ የሚሸጠው ግን ተጣርቶ የነጻ ነው። ንጹሑ ቫዝሊን ሽቶ የለውም፣ ውሃ ስለሌለውም መከላከያ ኬሚካል አያስፈልገውም፤ ስለዚህ አለርጂ የሚያስነሳው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው። ከቆዳ የሚተነውን ውሃ እስከ 98 በመቶ ሊያግድ ይችላል። ለሁለት እጅ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ይበቃል፤ በመዳፎች መካከል ታሽታ ስትሞቅ በጀርባው፣ በጣቶቹ ጎንና በጥፍሩ ዙሪያ ትዳረሳለች። ድስት ከእጅ አመለጠ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በማንኪያ እየዛቁ የሚቀቡት ናቸው።

6ኛው ስለ ዘይትም አንድ መስመር ጨምሯል። የወይራ ዘይት መልካም ስም ቢኖረውም ኦሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት የቆዳን ምርጊት ያላላል፤ ሊኖሌይክ አሲድ የሚበዛበት የሱፍ ዘይት ይሻላል። ኑግም በሊኖሌይክ አሲድ የታወቀ ነው፣ ነገር ግን በየመጭመቂያው የሚሸጠው ያልተጣራ ስለሆነ ለተሰነጠቀ እጅ አይመከርም።

ቀጥሎ ውይይቱ ወደ ነጭ ሽንኩርት ዞሯል። 7ኛው መልስ አጻጻፉ የቆዳ ሐኪም ይመስላል። ጠያቂውን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንጥቁ የትኛው እጅ ላይ፣ የትኞቹ ጣቶች ላይ ነው? ቀኝ እጇ ቢላ ሲይዝ ሽንኩርቱን የሚይዙት የግራ እጅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ናቸው። የሦስቱ ጫፍ ብቻ ደንድኖ ከተሰነጠቀና ትንሿ ጣት ደህና ከሆነች፣ ሳሙና ብቻ አይደለም፤ በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ዳያሊል ዳይሰልፋይድ የሚባለው ንጥረ ነገር አለርጂ አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ሳሙና ያደረቀው እጅ እንዲህ መርጦ አይሰነጠቅም፤ የእጁን ጀርባና የጣቶቹን መካከል ጭምር ያዳርሳል። ይህ ንጥረ ነገር ቀጭን ጓንትን አልፎ ይገባል፣ ስለዚህ ጓንቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየር ወይም ሥራው ለሌላ ሰው ይዛወር። ሽንኩርቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ከቆየ ልጣጩ በትንሽ ጫና ይወልቃል፤ የደረቀው ደግሞ ክዳን ባለው ድስት ውስጥ በኃይል ሲናጥ ይላቀቃል። ሁለቱም መንገድ ጣት ሽንኩርቱን የሚነካበትን ጊዜ ያሳጥራል።

8ኛው መልስ ለሽንኩርት ሽታ ሎሚ መፍተግ ጥሩ ነው፣ እጅንም ያለሰልሳል ብሎ መከረ። ይህ ምክር ክሩን አጋለው። 9ኛው መልስ ያለ ሰላምታ ነው የገባው፤ እንዲህ ያለ ምክር ከመስጠት ዝም ማለት ይሻላል ብሎ ይጀምራል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች 2 አካባቢ ነው፣ የተሰነጠቀ እጅ ላይ ማድረግ ቁስልን በአሲድ ማጠብ ነው። የባሰው ደግሞ ፀሐይ ላይ ይመጣል። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ፉሮኮማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ ቀርተው የቀትር ፀሐይ ሲያርፍባቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ውሃ ይቋጥራል። ሲድን ጥቁር ቡኒ ምልክት ይተዋል፣ ምልክቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቅርጹ ያሳብቃል፦ ጭማቂው በፈሰሰበት መንገድ ልክ መስመር ሠርቶ ይገኛል። 9ኛው አነጋገሩ ቢከፋም ያለው ሁሉ ትክክል ነው። 8ኛው ሰው ምክሩን አንስቶ በምትኩ የቃሪያና የሚጥሚጣ ማቃጠልን ጉዳይ አስገባ፤ እሱ ላይ ልክ ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ መጀመሪያ እጅ በምግብ ዘይት ይታሻል፣ ዘይቱ በወረቀት ይጠረጋል፣ ከዚያ በላርጎ ይታጠባል። በውሃ መጀመር የሚያቃጥለውን ወደ ደህናው ቦታ ማዳረስ ነው፤ ሙቅ ውሃ ደግሞ ያባብሰዋል።

10ኛው መልስ ስለ ጓንት ነው፤ በዝርዝር የተጻፈ ስለሆነ ደጋግሞ ማንበብ ይጠቅማል። ጓንት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ውስጡ ያላበው እጅ ሳሙና ውስጥ እንደገባ እጅ ይበላሻል። የዕቃ ማጠቢያው ወፍራም ጓንት ከውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት ይኑረው። ከ20 ደቂቃ በላይ አይለበስ፤ የጥጡ እርጥበት ከተሰማ ወዲያው ይቀየር። ስለዚህ ለአንድ ሠራተኛ ቢያንስ ሦስት ጥንድ የጥጥ ጓንት ያስፈልጋታል፤ አንዱ እጇ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ መጠባበቂያ። የላስቲኩ ጓንት ማታ ተገልብጦ ይንጠልጠል። የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የምታህል ብስ ያለበት ጓንት ከነጭራሹ ካለመልበስ ይከፋል፣ ምክንያቱም የገባው የሳሙና ውሃ እዚያው ተዘግቶ ይቀመጣል። ውሃ ሞልቶ መጭመቅ ቀዳዳውን ያሳያል። ማሳከኩ ጓንቱ የሚያልቅበት የእጅ አንጓ ላይ በመስመር ቢቆም፣ ላስቲኩን ለማጠንከር የሚገቡት ኬሚካሎች አለርጂ ይጠረጠራሉ፤ ጓንቱ በተለበሰ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ሳማ ቢያንደበድብ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ደግሞ የላቴክስ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አውልቆ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

11ኛው መልስ ማታ ምን እንደሚደረግ ይተርካል። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ፣ ጨው የለ ሳሙና የለ፣ እጅ እስከ አንጓው 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ሲወጣ በፎጣ ጫን ጫን ተደርጎ እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ ሦስት ደቂቃ ሳያልፍ ቫዝሊን ይቀባል። ከዚያ የጥጥ ጓንት፣ ከሌለም ንጹሕ የጥጥ ካልሲ አጥልቆ መተኛት። የደነደነው የስንጥቅ ጠርዝ ከዘፈዘፈ በኋላ በጥፍር ሞረድ ቀስ ተብሎ ይለሰልሳል፤ ምላጭ ፈጽሞ አይነካውም። ስንጥቁ ውስጥ ቫዝሊን ሞልቶ ከላዩ በፕላስተር መክደን ሕመሙን ቶሎ ያስታግሳል። ይህ ሁሉ ለ2 ሳምንት በየማታው ነው። መግል ወይም ቢጫ ቅርፊት ያለበት፣ ውሃ የሚያዥ እጅ ላይ ግን አይደረግም።

12ኛው ሰው፣ ቅን በሆነ አነጋገር፣ ውሃ ነው እጅ ያደረቀው ካላችሁ እንዴት ተመልሳችሁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ ትላላችሁ ብሎ ይጠይቃል። 11ኛው አብራርቷል፦ ቆዳ እየራሰ ሳይከደን ሲደርቅ የገባው ውሃ ሲወጣ የራሱንም ይዞ ይወጣል፤ ርሶ ወዲያው ከተከደነ ግን ውሃው እዚያው ይቀራል። ልዩነቱ ሦስቱ ደቂቃ ላይ ነው። ቫዝሊን በደረቀ እጅ ላይ ተቀብቶ ምንም አልለወጠም የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። 11ኛው አንድ ማስጠንቀቂያም አክሏል፤ ቫዝሊን የጠጣ ጨርቅ እሳት ሲነካው ቶሎ ይያያዛል፣ ስለዚህ የማታው ጓንት ምድጃ አጠገብ አይለበስም።

የዩሪያን ክሬም ያነሳው 13ኛው ነው። ከ5 እስከ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ለድርቀት፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው የደነደነ ቆዳን ለማሟሸሽ ይውላል፤ የተከፈተ ስንጥቅ ላይ ግን ይለበልባል፣ መጀመሪያ ስንጥቁ ይግጠም። ከሥር አንዱ የማዳበሪያውን ዩሪያ በውሃ በጥብጦ መቀባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። 13ኛው ፈጽሞ አይቻልም ብሎ ምክንያቱን ሰጥቷል፦ ማዳበሪያው ለቆዳ የተጣራ አይደለም፣ መጠኑም አይታወቅም።

14ኛው መልስ በሚጎዳን ነገር ላይ ጣቱን አሳርፏል። እጅ ሲያሳክክ መድኃኒት ቤት ሄዶ ስቴሮይድ (መቅላትንና ማሳከክን የሚያስታግስ መድኃኒት)፣ ፀረ ፈንገስና ፀረ ባክቴሪያ በአንድ ላይ የያዘ ክሬም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት ልማድ ሆኗል። በሁለት ቀን ያሽላል፣ ሲቆም ይመለሳል፣ ሰው ደግሞ ይገዛል፤ ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ስሩ ይታያል፣ በትንሽ ነገር ይላጣል። ለፊት ማቅያ የሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል የሚባለው ብርቱ ስቴሮይድ ተደብቆ ስለሚገኝ እነሱን ለእጅ ማዋልም እንደዚያው ነው። ስቴሮይድ ቦታ የለውም አላለም፤ ለበረታ የእጅ ችፌ ሐኪም ያዘዋል፣ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ በተወሰነ መጠን። መጠኑን በጣት ይለካዋል፦ ከቲዩቡ ተጨምቆ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያዋ መታጠፊያ የሚዘረጋው ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ እሱ ለአንድ እጅ፣ መዳፉንም ጀርባውንም ይበቃል። ስቴሮይዱም ቢቀባ ቫዝሊኑ አይቀርም።

15ኛው የ14ኛውን ቃል ተቀብሎ ድርቀት ያልሆኑትን ይለያል። ማታ ማታ የሚብስ ማሳከክ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ፣ ቤት ውስጥም የሚያክ ሌላ ሰው ካለ እከክ ነው። ፐርሜትሪን የሚባለው የእከክ ቅባት፣ 5 በመቶ የሆነው፣ ከአንገት በታች ተቀብቶ ሌሊቱን አድሮ ይታጠባል፣ በሳምንቱ ይደገማል፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከመ ይመለሳል። አንድ መዳፍ ብቻ ደርቆ በመስመሮቹ ውስጥ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለና ሁለቱም እግር ከተላጠ፣ ፈንገስ ነው፤ ስቴሮይድ መልኩን ደብቆ ያስፋፋዋል። በጣቶች ጎን ሰሊጥ የሚያህሉ፣ ከቆዳው ሥር ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከመጡ ደግሞ ሌላ ዓይነት ችፌ ነው፣ ማፍረጥ አይገባም። አጭር መልስ ነው፣ ግን ብዙ ሰውን ከተሳሳተ ቅባት ያድናል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወጣ ያለበት ቦታ አለ። 16ኛው የጤና ባለሙያ ነው፤ ሳኒታይዘር እጅ ያደርቃል የሚለውን እምነት ይነቅፋል። አልኮል ስቡን እንደ ሳሙና አጥቦ ይዞት አይሄድም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመርም ለ10 ሊትር 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን የሚያስገባው ለእጅ ተብሎ ነው። የሚለበልበው ቀድሞ የተሰነጠቀውን ነው። ለበሽተኛ አስታማሚ ሳኒታይዘር ከሳሙና ይሻላል፤ ሁለቱን አከታትሎ መጠቀም ግን ጉዳቱን ይደርባል። አንዱ በቁጣ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቅባትና ሊጥ በአልኮል አይለቅም ብሎ መለሰለት፣ 16ኛውም ለወጥ ቤት አለማለቱን አስረድቶ ሁለቱም በሰላም ተለያዩ።

17ኛው ከገልፍ አገር የጻፈች እህት ናት። እዚያ ለሚሠሩት ሁሉ ትልቁ ጠላት በሳህን ሳይለካ የሚደፋው በረኪና፣ እዚያ ክሎሮክስ የሚሉት፣ እንደሆነ ጠቅሳ መጠኑን ሰጥታለች፦ 5 በመቶ የሆነው በረኪና 200 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለወለልና ለገበታ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ንጽሕና አይጨምርም፣ እጅ ግን ይበላል። ሙቅ ውሃ ኃይሉን ያጠፋዋል። ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር አንድ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል፤ የእቃው ሽታ ባይጠፋም አሠሪ ቢያዝም አይደረግም። ዴቶልንም ሳይበጠበጥ እጅ ላይ ማፍሰስ ያው ነው። መልሷን ያነበቡ ብዙዎች አመስግነዋታል፣ ይገባታልም።

18ኛው ስለ እንሶስላ ጠየቀ፤ ሰርግ ደርሶባቸው እጃቸው የተሰነጠቀ ሴቶች ቢያስሩ ምን ይሆናል? የመለሱለት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ መታሰሩ የኖረ ወግ ነው፣ ነገር ግን ሌሊቱን ታስሮ የሚያድረው በእርጥበቱ ስንጥቁን ያበሰብሰዋል፣ መጀመሪያ ስንጥቁ ይግጠም ብሏል። ሌላው ጥቁር ሂና እየተባለ የሚሸጠው የጸጉር ቀለም ኬሚካል የተቀላቀለበት መሆኑን አስጠንቅቋል፤ አንዴ አለርጂ ካስነሳ ዕድሜ ልክ ይከተላል፣ ቀጥሎ ጸጉር ሲቀባ ፊት ያሳብጣል። እውነተኛ ሂና ወደ ብርቱካንማና ቡኒ እንጂ ወደ ጥቁር አያቀልምም።

19ኛው መልስ ዘግይቶ ቢመጣም ቀድሞ መነበብ ነበረበት። የሥጋ ደዌ ሥራን የሚያውቅ ሰው ነው። ድርቀቱ የሚያሳክክ፣ የሚያምም፣ የሚለበልብ ከሆነ ነርቩ ሕያው ነው። እጅ ደርቆ ምንም ካልተሰማው ነው መደንገጥ። በሥጋ ደዌ የተጎዳ ነርቭ ላብ ማምረትን ያቆማል፣ ስለዚህ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሰውየውም ትኩስ ድስት ይዞ መቃጠሉን የሚያውቀው ውሃ ሲቋጥር ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ዓይን ተጨፍኖ መዳፉና ትንሿ ጣት በጥጥ ጫፍ ሲነካ የት እንደተነካ በጣት ያመልክት፤ ወረቀት በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ይያዝና ይጎተት፣ ሳይዝ ከለቀቀው ነርቩ ደክሟል። ሕክምናው 6 ወይም 12 ወር ነው፣ መድኃኒቱም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነጻ ይቀርባል። በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን አዲስ አበባ ያለውን አለርት ሆስፒታልና ደሴ አጠገብ ያለውን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ጠቅሷል፤ ግን በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል ብሏል። 11ኛው የጻፈው መዘፍዘፍና ወዲያው መቀባት ለእነዚህ ሕሙማን በየዕለቱ የሚማሩት ራስን መንከባከቢያ መሆኑንም አንስቷል፤ ለእነሱ ግን ውሃው ለብ ማለቱን የሚፈትሸው ሌላ ሰው ወይም ክርናቸው ነው።

20ኛው ስለ ምግብ ደኅንነት ጠንከር ብሎ ይናገራል። መግል ያለበት ጣት ሊጥም ወጥም አይነካ፤ እዚያ ያለው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ምግብ ውስጥ የሚረጨው መርዝ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ጓንት ቢደረግም የታመመችው እስክትድን ወደ ሌላ ሥራ ትዛወር፣ ደመወዟ ሳይነካ። የመጨረሻዋን ሐረግ ያሰመረባት እሱ ነው፤ ይህን ካልጨመሩ ሠራተኛዋ ቁስሏን ትደብቃለች።

21ኛው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ተመልሶ አመስግኖ የሆነውን አስታወቀ። ሦስቱ የተሰነጠቀባቸው ሽንኩርት ላጮች ናቸው፣ ስንጥቁም የግራ እጅ ሦስት ጣቶች ላይ ነው፣ 7ኛው እንዳለው። ሽንኩርቱ እየተዘፈዘፈ ይላጣል፣ ሥራውም በየሁለት ቀኑ ይቀያየራል። 15 ጥንድ የጥጥ ጓንት አዝዟል። 19ኛው በሰጠው ፈተና አምስቱንም አይቶ አንዷ ትንሿ ጣቷ ላይ ሲነኩት እንደማይሰማት ስለነገረችው ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ፈቅዷል። እጁ ደህና መስሎ ከታየ በኋላ መቼ ማቆም እንደሚቻል ጠይቋል።

22ኛው መለሰለት፦ ቆዳው ላዩ በ2 ወይም 3 ሳምንት ይገጥማል፣ ምርጊቱ ግን እስኪጠነክር ወራት ይወስዳል፣ 4 ወር ያህል ሳሙናውም ጓንቱም እንደታመመ ጊዜ ይያዝ። ከዚያም 15ቱን የጥጥ ጓንት በዱቄት ሳሙና አጥበው ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳያለቀልቁ አሳሰበ፤ ጥጡ ውስጥ የቀረው ሳሙና ሌሊቱን ሙሉ ቫዝሊኑ ሥር ሆኖ እጁን ይበላል። አራት ጊዜ ይለቅለቅ፣ የመጨረሻው ውሃ አረፋ እስኪያጣ ድረስ።